ነብር ዝንጉርጉር ነው፦ ልጆች ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ጫካ ራሳቸው እንዲመራመሩ እንዴት እናድርግ?

ባለፈው ክረምት ልጄ ነብር ሥሎ አመጣልኝ። ብርቱካናማ ገላ፣ ጥቋቁር መስመር፣ ከጀርባው የሙዝ ዛፍ። «የት ነው የሚኖረው?» አልኩት። «ጫካ» አለኝ። «የት ያለ ጫካ?» ትንሽ አሰበና «ዩቲዩብ» አለ።

ሳቄ መጣ። ጥፋቱ ግን የሱ አልነበረም። የሣለው እስያ ውስጥ የሚኖረውን ታይገር ነው። አፍሪካ ውስጥ በዱር የሚኖር ታይገር የለም። እኛ ከጥንት ጀምሮ ነብር የምንለው ባለ ነጠብጣቡን ነው። «ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ይል የለ መጽሐፉም! ላርመው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «የኛ አገር ነብር መስመር አለው እንዴ? እስቲ አጣራልኝ» አልኩት።

ያኔ የጀመርነው ነገር አሁን ሁለት ደብተር ጨርሷል። የእህቴ ልጅም ገብታበታለች። እሱ 8 ዓመቱ ነው፣ እሷ 11። እንዴት እንደምንሠራው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ አንድ እንስሳ፣ አንድ ጥያቄ

«ስለ ዱር እንስሳት አጥንተህ ና» የተባለ ልጅ ከኢንተርኔት ሁለት ገጽ ገልብጦ ይመጣል። እኛም በልጅነታችን ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የምንገለብጠው ከመጽሐፍ መሆኑ ብቻ። ስለዚህ አጥብቡት። አንድ እንስሳ ይምረጥ። ቢቻል ቅርቡ ያለ ይሁን። ሐዋሳ ያለ ልጅ ጉሬዛና ጦጣ ደጁ ላይ አሉለት። ስሜን ተራሮች አካባቢ ያለው ጭላዳ አለው። አዲስ አበባ ዳር ዳሩን የሚኖር ልጅ ደግሞ ሌሊት ጆሮውን ቢያቆም ጅብ ይሰማል።

ከዚያ ጥያቄ። «ጅብ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?» ካላችሁት ያው የተገለበጠ መልስ ነው የምታገኙት። «ጅብ በዐቢይ ጾም ምን ይበላል?» በሉት እስቲ። ቀልድ ይመስላል። ግን ተመራማሪዎች የምር ጠይቀውታል።

ነገሩ ትግራይ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ጅቦች ከሥጋ ቤትና ከመኖሪያ ቤት በሚጣል ትራፊ ይኖራሉ። ሁዳዴ ሲገባ ከብት አይታረድም፣ አጥንትም አይጣልም። ታዲያ ጅቡ ምን ይዋጠው? ተመራማሪዎቹ ከጾሙ በፊት፣ በ55ቱ ቀንና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ዐይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ፀጉር ሆድ ውስጥ አይፈጭም። የየትኛው እንስሳ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይለያል። በጾሙ ጊዜ የአህያ ፀጉር የተገኘበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው የእህቴ ልጅ «ለዚህ ነው እንዴ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው?» አለች። በተረቱ ላይ ባንስማማም፣ ጥናት ማለት ምን እንደሆነ ግን ገብቷታል።

ሁለተኛ፦ ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር

ይሄ ዋናው ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ። ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ክፈሉት። «የሰማሁት»፣ «ያነበብኩት»፣ «ያየሁት»። ልጁ ያገኘውን እያንዳንዱን ነገር ከሦስቱ በአንዱ ሥር ያስገባል።

የመጀመሪያውን ዓምድ የሚሞሉት አያቶች ናቸው። እናቴ ያደገችው ገጠር ነው። «ጃርት ስትናደድ እሾኋን ትወረውራለች» አለችው። ጻፈ። ቀጥሎ ሲያነብ ጃርት እሾህ እንደማትወረውር አገኘ። እሾኋ በቀላሉ ይነቀላል እንጂ አይወነጨፍም። «እማማ ዋሽታኛለች?» ብሎ መጣ። «ደውልና ከየት እንዳወቀችው ጠይቃት» አልኩት። እሷም፣ ልጅ ሆና የቤታቸው ውሻ ጃርት አባሮ አፉ በእሾህ ተሞልቶ መመለሱን ነገረችው። ያየችው እውነት ነበር። መወርወሩ ግን ሰው የጨመረበት ነው። እኔ በዚህ ስልክ ተደስቼ አላባራሁም። አያቱን ሳይንቅ ማጣራት ቻለ። ውጭ አገር ያላችሁም ይህን ዓምድ አትተዉት። የእሑድ ስልክ «እንዴት ናችሁ፣ ደህና ነን» ብቻ ከሚሆን አንድ የጅብ ወሬ ይጨመርበት።

ለሁለተኛው ዓምድ አንድ ሕግ አለን። ከአንድ ቦታ ብቻ የተነበበ ነገር በእርሳስ ይጻፋል። ሌላ ቦታም ከተገኘ በእስክሪብቶ ይደገማል። ቪዲዮ ከሆነ የት አገር እንደተቀረጸ መጻፍ ግዴታ ነው። ካርቱን ላይ አንበሳና ታይገር በአንድ ጫካ ሲጣሉ ያየ ልጅ ብዙ የሚታረም ነገር አለው። የእህቴ ልጅ አንበሳ በአብዛኛው ሜዳማ ሣር ያለበት ቦታ እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እንደማይወድ አነበበችና «የጫካ ንጉሥ የሚባለው ውሸት ነው» ብላ ፈረደች። ሁለት ሳምንት ቆይታ ባሌ ሐረና ደን ውስጥና ካፋ ጫካ ውስጥ አንበሳ እንዳለ ደረሰችበት። ፍርዷን ሰረዘችው፣ ግን አላጠፋችውም። የተሰረዘ ነገር ደብተሩ ላይ መቅረት አለበት፤ ላጲስ አይፈቀድም።

ሦስተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ባዶነቱን ልመዱት።

ሦስተኛ፦ ዱካ በጀሶ

እንስሳውን ባታዩት ዱካውን ታያላችሁ። ከዝናብ በኋላ ጭቃው ጠጠር ሲል ውጡ። የውሻ ዱካም ቢሆን ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። አሠራሩ ቀላል ነው። ካርቶን ቆርጣችሁ በዱካው ዙሪያ እንደ ቀለበት ትከሉ። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ጀሶ ሁለት እጅ፣ ውሃ አንድ እጅ አድርጉና ወፈር ያለ አጥሚት እስኪመስል በቶሎ አማስሉ። ካዘገያችሁት ባልዲው ውስጥ ይደርቅባችኋል። በእኔ ደርሶብኛል፣ ባልዲውም ተጥሏል። በዱካው ላይ ሳይሆን ከጎኑ በኩል ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አንሡት። የተጣበቀውን ጭቃ ማታ ቤት ሲገባ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል።

አሁን ንጽጽር። ውሻና ጅብ ጥፍራቸውን ማስገባት ስለማይችሉ ዱካቸው ላይ የጥፍር ጫፍ ይታያል። ድመት፣ ነብርና አንበሳ ሲራመዱ ጥፍራቸውን ስለሚሰበስቡ አይታይም። አቦሸማኔ ከድመት ወገን ሆኖ ጥፍሩ ይታያል። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይበልጣል። ነጭ፣ የደረቀ ዐይነ ምድር ካያችሁ ጅብ ነው፤ ነጩ ነገር የፈጨው አጥንት ነው። በእንጨት እንጂ በእጅ አይነካም፤ ፎቶ ይበቃል።

ለመውጫ ቦታ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ መናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ፤ ጥቁር ድኩላም ዕድለኛ ከሆናችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ፤ ያለ አስጎብኚ አትግቡ። ዝናብ ከያዛችሁ አራት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለላችሁ።

አራተኛ፦ ከእንስሳው ወደ ራሳችን

ብዙ ወላጅ «ጫካ ውስጥ ብትጠፉ» የሚለውን ወሬ የሚጀምረው በማስፈራራት ነው። እኔ በጉሬዛ ነው የጀመርኩት። ልጄ «ጦጣና ጉሬዛ የሚበሉትን ሰው ቢበላ ምንም አይሆንም» የሚል ነገር ሰምቶ ነበር። «የሰማሁት» ሥር ጻፈው። ከዚያ ስለ ጉሬዛ ሆድ አነበብን። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ሆዱ እንደ ላም በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ያብላላሉ፣ ለሌላው መርዝ የሚሆነውንም ያመክናሉ። የኛ ሆድ ይህ የለውም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ የማያውቁትን ፍሬና ቅጠል አለመብላት የሚለውን ሕግ ልጁ ራሱ አወጣው። እኔ ብለው ኖሮ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

ውሃም እንዲሁ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው 92 ገደማ ላይ ይፈላል። በምግብ ቴርሞሜትር ለካነው። የትኩሳት መለኪያ እንዳትከቱ፣ ይፈነዳል። ከዚህ ተነሥተን የወንዝ ውሃ ቆላ ላይ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ መንተክተክ ያለበት ለምን እንደሆነ ገባቸው። ምድጃው ላይ ያለው ሥራ የትልቅ ሰው ነው።

ስለ እባብ አጭር ነው። እጅ ወደ ጉድጓድና ወደ ድንጋይ ሥር አይገባም፤ ቦቲ ይለበሳል። ከነከሰ መብጣት የለም፣ መምጠጥ የለም። ቀለበትና ጠባብ ነገር ማውለቅ፣ የተነከሰውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም። ጅብ ከመጣ ደግሞ አይሮጥም። አንድ ላይ ሆኖ፣ ፊትን ወደሱ አዙሮ፣ እየጮሁ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ።

አምስተኛ፦ «ጠፋሁ» ጨዋታ

በ1981 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ተራራ ላይ ወጥቶ ጠፋ። ብዙ ሰው ፈለገው፤ ሲገኝ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈላጊዎቹ «ዛፍ እቀፍ» የሚል ትምህርት ለሕፃናት ጀመሩ። ፍሬ ነገሩ፦ እንደጠፋህ ስታውቅ ቁም፣ አንድ ዛፍ ጓደኛህ አድርግ፣ ከሱ አትራቅ። የቆመን ልጅ ማግኘት የሚሄድን ልጅ ከማሳደድ ይቀላል።

እኛ የምንጫወተው እንዲህ ነው። ልጆቹ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አላቸው። «ጠፋሁ!» ስል በአምስት ቁጥር ውስጥ ዛፍ ይዘው መቆም አለባቸው። ሦስት ጊዜ ይነፋሉ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ደግሞ ሦስት። ሦስት ድምፅ የድረሱልኝ ምልክት ነው። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ሳይረጥቡ የመቆየት ሥራ። ዝናብና ብርድ ከረሃብ በፊት ይጎዳል፤ ሰው ሳይበላ ቀናት ይቆያል። እዚህ ላይ እረኞቻችን አስተማሪ ናቸው። የማዳበሪያ ጆንያውን አንዱን ጥግ ወደ ሌላው አስገብተው እንደ ቆብ ጭንቅላታቸው ላይ ይደፉታል፤ ከትከሻ እስከ ወገብ ይሸፍናል። ገሳ፣ ማለትም ከሣር የተሠራ የዝናብ መከላከያ፣ ያለው ገሳውን። ልጆቼ በቧንቧ ጎማ ዝናብ እየሠራሁላቸው በየተራ ሞክረውታል። ከውድ የዝናብ ጃኬት ማዳበሪያው አሸነፈ።

የእህቴ ልጅ ግን «ዩሊያነ ኬፕኬ ቆማ አልጠበቀችም» ብላ ተከራከረችኝ። አንብባ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ዋዜማ ፔሩ ውስጥ አውሮፕላን ወድቆ በሕይወት የተረፈችው የ17 ዓመት ልጅ ናት። ትንሽ ምንጭ ተከትላ ወደ ታች ወረደች፤ በ11ኛው ቀን ሰዎች አገኟት። ክርክሩን አልዘጋሁትም። «ለምን ለሷ ሠራ?» ብዬ ወደ ደብተሩ መለስኳት። መልሱን ይዛ መጣች። ወላጆቿ የእንስሳት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ እሷም ከነሱ ጋር እዚያው ጫካ ውስጥ ኖራለች። ውሃ ተከትሎ መውረድን ያስተማራት አባቷ ነው። ከዛፉ ጥቅጥቅነት የተነሣ ፈላጊ አውሮፕላን ከላይ ሊያያት አልቻለም። ጫካውን ታውቀዋለች። እኛ ደግሞ መናገሻን ገና ሁለት ጊዜ ነው የሄድንበት፤ ስለዚህ ዛፍ እናቅፋለን።

ለታናሹ የነገርኩት የኮሎምቢያዎቹን አራት ወንድምና እህት ነው። ግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የተሳፈሩበት ትንሽ አውሮፕላን ወደቀ። ታላቋ 13 ዓመቷ፣ ከነሱ ጋር ገና ዓመት ያልሞላ ሕፃንም ነበር። ከ40 ቀን በኋላ ተገኙ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያገኙትን የካሳቫ ዱቄት በሉ፤ ሲያልቅ የሚበላውን የጫካ ፍሬ እየለዩ። ፍሬውን መለየት የተማሩት ከአያታቸው ነበር። ልጄ ይህን ሰምቶ ወዲያው ስልክ አነሣ። «እማማ፣ አገርሽ የሚበላ የጫካ ፍሬ ምን ምን አለ?» እንኮይ፣ አጋም፣ እንጆሪ፣ ሾላ። ገጹ ሞላ።

የነብሩ ገጽ ግን እንዳለ ነው። «የሰማሁት» ሥር አምስት መስመር አለ። «ያነበብኩት» ሥር በእስክሪብቶ የተደገመ ነጠብጣብ። መናገሻ የሄድን ቀን አስጎብኚው ደኑ ውስጥ ነብር እንዳለ ነገረን፤ አንድም ቀን አላየነውም። ልጄ ማታ ሦስተኛውን ዓምድ ሲያይ ቆየና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አላየሁትም። እሱ ግን አይቶኝ ይሆናል።»