ቤንጋል ድመት ልታሳድጉ ካሰባችሁ መጀመሪያ ዓመሏን እወቁ

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ቤንጋል ድመት ያየ ሁሉ "የት ትገኛለች፣ ስንት ነች" ብሎ ይጠይቀኛል፣ ዓመሏ እንዴት ነው ያለኝ ግን የለም። ቆዳዋማ ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። ግን አብራችሁ የምትኖሩት ከዓመሏ ጋር ነው፣ እሱ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ዓመል ነው። እኛ ቤት አንዷ ስላለች ጎንደር ላይ እንዴት እንደምትያዝ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ቤንጋል ሰው ያዳቀላት ድመት ናት። አሜሪካ ውስጥ ጂን ሚል የምትባል ሴትዮ በ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ ነው) የእስያ ነብር ድመት የሚባለውን ትንሽዬ የዱር ድመት ከቤት ድመት ጋር አዳቀለች፣ ሥራውን በደንብ የገፋችበት ግን 1980ዎቹ ላይ ነው። ቲካ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድመት ማኅበር በ1983 ተቀበላት፣ በ1991 ደግሞ ከሌሎቹ ዝርያዎች ጋር ለሻምፒዮና እንድትወዳደር ፈቀደ። ስለዚህ ጎረቤት "ነብር አስገባችሁ እንዴ" ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ትልቁ ወንድ እንኳን ቢበዛ 7 ኪሎ አካባቢ ነው።

ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስንተኛ ትውልድ እንደሆነች ነው። ኤፍ ዋን ከተባለች አንዱ ወላጇ የዱር ነው ማለት ነው፣ ኤፍ ቱ ከሆነች አያቷ፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትውልዶች ሰው ይፈራሉ፣ ይደበቃሉ፣ ቤቱን በሽንት ይረጩታል፣ ለተራ ቤት አይሆኑም። ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለችው ናት የቤት ድመት የምትባለው። ደግሞ ነጠብጣብ ያላት ሁሉ ቤንጋል አይደለችም፣ ሆዷን ገልብጣችሁ እዩት፣ ቤንጋል ሆዷም ላይ ነጠብጣብ አላት። የፈለጋችኋት ለአይጥ ብቻ ከሆነ ግን የሰፈሯ ውሮ ትበቃችኋለች፣ ብርም አታወጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቤንጋል ጉልበቷ አያልቅም፣ በተለይ ሊነጋ ሲልና ሲመሽ። ጠዋት አንድ ጊዜ ማታ አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል አጫውቷት፣ ዱላ ጫፍ ላይ የዶሮ ላባ አስራችሁ መሬት ለመሬት አስኪዱላት፣ አንዳንዴ ሶፋ ስር ደብቁት፣ እና መጨረሻ ላይ የግድ ትያዘው፣ ሁሌ የሚያመልጣት ከሆነ ትናደድና እግራችሁን ነው የምታድነው። ልክ ስትይዘው ምግቧን ስጧት። አድና፣ ይዛ፣ በልታ ትተኛለች፣ ተፈጥሮዋ ይሄ ነው። ይሄን ከዘለላችሁት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጋረጃ ላይ ወጥታ ታገኟታላችሁ፣ ረከቦት ላይ ሲኒ ደርድሮ መተኛት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ከፍታም ትወዳለች። አናጢ ጠርታችሁ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ጣውላ በደረጃ አስመቱላት፣ አንድ ወፍራም ግንድ ደግሞ ቃጫ ገመድ ጠምጥማችሁበት አቁሙላት፣ ተንጠራርታ እንድትቧጭርበት ከእሷ ቁመት ይርዘም፣ እንዳይወድቅም ከስሩ ይጠበቅ። ያኔ ሶፋችሁ ይተርፋል (በአብዛኛው)።

ውሃ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜልና ባልዲ ሞልቶ የማያስቀምጥ የለም፣ ቤንጋል ደግሞ እንደሌላው ድመት ውሃ አትሸሽም፣ ትጫወትበታለች። እጇን ትነክራለች፣ ትልሳለች፣ መልሳ ትነክራለች፣ ሳሎኑ ሁሉ ይረጥባል። ክፍት በርሜል ውስጥ ግልገል ከገባች መውጫ የላትም፣ ስለዚህ ሁሉንም ክደኑ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። በምትኩ ለራሷ ሰፋ ያለ ሳፋ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ አድርጋችሁ የሃይላንድ ክዳን ጣሉበት። የኛዋ ክዳኑን በአንድ እጇ እየገፋች ጠርዝ ድረስ ታመጣዋለች፣ ከዛ በጥርሷ አውጥታ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጠውና መልሱልኝ ብላ ትጮኻለች። አዎ፣ ትጮኻለች፣ ለሁሉም ነገር ድምፅ አላት፣ ዝምተኛ ድመት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ብልጥ ስለሆነች ማሠልጠን ይቻላል። ቀጭ የሚል እስክሪብቶ ያዙ፣ ቀጭ ስታደርጉ ወዲያው ቁራጭ ሥጋ፣ ቀጭ ስታደርጉ ወዲያው ሥጋ፣ ድምፁ ሥጋ ማለት እንደሆነ ሲገባት ስትቀመጥ ጠብቃችሁ ቀጭ አድርጉ። በዚሁ መንገድ ስሟን ስትጠሩ መምጣትም ትማራለች። መምታት የለም፣ ከመታችኋት የምትማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። የበር እጀታም ተንጠልጥላ ትከፍታለች፣ እና ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ላይ መቀርቀሪያ ይኑር።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው ፍርፋሪና ወጥ ሰጥቶ ነው የሚያሳድገው። ወጥ አትስጡ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል። ወተትም ለብዙ ትልልቅ ድመት ተቅማጥ ነው። ሥጋ ነው የምትፈልገው፣ ሁዳዴም ቢሆን፣ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ፣ 55 ቀን ሽሮ ላይ ማቆየት አይቻልም፣ ቀድማችሁ አስቡበት። የድመት ደረቅ ምግብ ካገኛችሁ እሱ ዋናው ይሁን፣ ተጨማሪ የተቀቀለ ዶሮ ወይ የበሬ ሥጋ ያለ ጨው ያለ አጥንት። ጥሬ ሥጋ ለእናንተ ይጣፍጣችሁ ይሆናል፣ ለእሷ ግን በሽታ ሊያመጣባት ይችላል።

እናታችሁ ጥጥ የምትፈትል ከሆነ ልቃቂቱን ደብቁ! ክር ስትውጥ አንጀቷን ሰብስቦ ይቆርጠዋል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። አፏ ወይም ከኋላዋ ክር ወጥቶ ካያችሁ አትጎትቱ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

የግቢ አጥር አያቆማትም። ውጭ ደግሞ ውሻ አለ፣ መኪና አለ፣ መርዝ የበላ አይጥ አለ፣ የጎረቤት ጫጩትም አለ (እሱ ደግሞ ጠብ ያመጣል)። ስለዚህ ደረቷ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ከግልገልነቷ አስለምዷት፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከዛ ግቢ። ለጥምቀት ከተማው ሲሞላና ጩኸቱ ሲበዛ ቤት ትዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የግድ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስላለው እዛ ጠይቁ፣ ማምከኑንም ስድስት ወር ሳይሞላት አማክሯቸው፣ በተለይ ወንዱ ካልመከነ ሽንት መርጨቱ አይቀርም። የሽንት ቤቷን አሸዋ በየቀኑ አጽዱ፣ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ግን እሷ አትንካው።

ቤተሰቡ በሙሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ከሆነ ባትገዙ ይሻላል፣ ወይ ደግሞ ሁለት ሆነው ይደጉ። ከገዛችሁም ዝርያው በዘር የሚተላለፍ የዓይን በሽታና የደም ማነስ ስላለበት የወላጆቿን የምርመራ ወረቀት ጠይቁ፣ ሻጩ "እሱ ምን ያደርግላችኋል" ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።