ኳ ሲሉት ኳ የሚለው ሳጥን፦ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል?

ጨዋታው ቀላል ነው። ሳጥኑን ኳ፣ ኳኳ ታደርጉታላችሁ፤ እሱም ከውስጥ በዚያው ምት ይመልስላችኋል። ውስጡ ያለው አርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ የፒዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ የሳጥኑ ጆሮ)፣ አንድ ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ) እና መልሱን የሚያንኳኳ ትንሽ ባለ ክንድ ሰርቮ ሞተር ነው። ሲያዩት የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። እኔን ሦስት ሌሊት አስቀምጦኛል።

ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት የፒዞውን ንባብ ሰሪያል ሞኒተር ላይ (ቦርዱ የሚልከውን ኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ መስኮት) አውጥታችሁ እዩት። ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ነው። እሱን ሳታዩ የምታደርጉት ሁሉ ግምት ነው።

ማንም ሳይነካው ያንኳኳል

ሳጥኑ ዝም ብሎ ተቀምጦ ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ሬዚስተሩን እዩ። በአናሎግ ፒኑ (ቦርዱ ፒዞውን የሚያነብበት እግር) እና በግራውንዱ (የኔጌቲቩ መስመር) መካከል 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር መኖር አለበት። ከሌለ ፒዞው ያመነጨው ቻርጅ መውጫ ያጣል። የፒዞው ሽቦ ከተነቀለ ደግሞ ፒኑ አየር ላይ ይንጠለጠልና በአካባቢው ካለ የመብራት መስመር ሳይቀር ረብሻ ይለቅማል።

ብታንኳኩም አይሰማም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሙጫው ነው። ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ንዝረቱን ውጦ ያስቀረዋል። የዲስኩን የነሐስ ፊት በስስ ሙጫ እንጨቱ ላይ ልጥፍ አድርጉት። ከዚያም አልሰማ ካለ ኮዱ ውስጥ የተረሳ ዲሌይ (ፕሮግራሙን ለጊዜው የሚያስቆም ትዕዛዝ) ፈልጉ። የአንድ ምት ንዝረት ቶሎ ያልፋል፤ ፕሮግራሙ 100 ሚሊሰከንድ ሲተኛ ምቱ መጥቶ ሄዷል።

አንዴ ብትመቱት አምስት ይቆጥራል

እንጨት ተመትቶ ወዲያው ዝም አይልም። አንዴ መትቼ ያየሁት ንባብ 412፣ 167፣ 240፣ 88፣ 61 ነበር። «ተንኳኳ» የሚባልበትን መነሻ ቁጥር 50 አድርጌው ስለነበር አምስቱንም ቆጠራቸው። መፍትሄው የመጀመሪያውን ይዞ ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ጆሮ መድፈን ነው። በጣም አታርዝሙት፤ ፈጣን ኳኳታ ይበላባችኋል።

ራሱን ሰምቶ ለራሱ ይመልሳል

እኔን ጉድ ያደረገኝ ይሄ ነው። አንዴ ኳ አደረግኩት፤ መለሰ። ከዚያ የራሱን መልስ ሰማና መለሰ። ሽቦውን እስክነቅለው አላቆመም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መነሻ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነበር። ተሳስቻለሁ። ራሱን መስማት ተወ፤ ግን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ የሚያንኳኳውንም መስማት ተወ። ትክክለኛው መንገድ እየመለሰ ሳለ ፒዞውን ጭራሽ አለማንበብ ነው። ያንንም አድርጌ አንዳንዴ ያብድ ነበር። ጣቴን ሳጥኑ ላይ ሳሳርፍ ነገሩ ገባኝ፦ የሰርቮው ክንድ መትቶ ወደ ቦታው ሲመለስም ሳጥኑን ይነቀንቀዋል። ከመጨረሻው ምት በኋላ 300 ሚሊሰከንድ ጨመርኩለትና አረፍኩ። ሰርቮውን ከፒዞው አርቃችሁ ሥሩ ቁራጭ ስፖንጅ ብታደርጉለት ደግሞ ይበልጥ ይረጋል።

ሊመልስ ሲል ጠፍቶ ይነሳል

ሰርቮው ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ሪሴት ይሆናል፣ ማለትም ከመጀመሪያው ይነሳል። 13ኛው ፒን ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እንደ አዲስ ብልጭ ብልጭ ካለች ምክንያቱ ይሄ ነው። ለሰርቮው የራሱን ኃይል ስጡት፤ አራት ተራ ባትሪ ይበቃዋል። የሁለቱን ግራውንድ ግን ማገናኘት እንዳትረሱ፤ አለዚያ ሰርቮው ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ጥቂት ኃይል አጠራቅሞ የሚሰጥ) ሰርቮው አጠገብ ብትጨምሩ ጥሩ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ እንዳይገለበጥ።

ይመልሳል፣ ግን ምቱ የእናንተ አይደለም

ብዛቱን ብቻ መዝግባችኋል ማለት ነው። በየምቱ ሚሊስን (ቦርዱ ከተነሳ ያለፈውን ጊዜ በሚሊሰከንድ የሚነግር ትዕዛዝ) አንብባችሁ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ አስቀምጡ። ከ1 ሰከንድ በላይ ዝም ከተባለ ተራው የሳጥኑ ነው።