የጠረጴዛ ቶርች ላይተር፦ «ጋዝ ሞልቼዋለሁ፣ አይበራም»

ይህ መመሪያ በራሱ መቀመጫ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቆመው፣ ሲጋር ለመለኮስም ሆነ ወጥ ቤት ውስጥ ክሬም ብሩሌ የተባለውን ጣፋጭ ስኳር ለማቅለጥና የሥጋን ገጽ ለማክሰል ስለሚያገለግለው፣ ቡቴን በሚባል ጋዝ ስለሚሠራው ቶርች ላይተር ነው። ጋዝ መኖሩን፣ መቆለፊያው መከፈቱን እና መጫኛው እስከ መጨረሻው መጫኑን አንባቢ አስቀድሞ አይቷል ብዬ እነሳለሁ። ይህን ሳያይ «ተበላሸብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ባይሆንም፣ ስለ እርሱ እዚህ አላነሳም።

ቀጭ ይላል፣ ጋዙ ይሰማል፣ እሳት ግን የለም

ጥገና ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። መጫኛው ሲነካ ብልጭታው ይታያል፣ ጋዙም እስስ እያለ ሲወጣ ይሰማል፤ እሳቱ ግን አይያዝም፣ ወይም ለአንድ አፍታ ሰማያዊ ሆኖ ይታይና ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው፦ የጋዝ መጠን ማስተካከያውን ወደ መደመር ምልክቱ ያዞራል፣ እንደገና ጋዝ ይጨምራል፣ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይጫናል፣ በመጨረሻም «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ከተጣሉት መካከል በእውነት የተበላሹት ጥቂቶች ናቸው። በቀሩት ላይ የማገኘው ታንክ ውስጥ የታፈነ አየርና ከሚገባው በላይ የተከፈተ ማስተካከያ ነው።

አዲስ ላይተር ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጋዝ ስለሆነ ታንኩ በአየር የተሞላ ነው። ከመሙያ ጣሳው ቡቴን ሲገባ ይህ አየር መውጫ አጥቶ ይጨመቃል። የጣሳውና የላይተሩ ሙቀት እኩል ከሆነ የቡቴኑ የትነት ግፊት በሁለቱም ውስጥ እኩል ነው፤ በላይተሩ በኩል የታፈነው አየር ግፊት ሲታከልበት ግን ሚዛኑ ያጋድልና ፈሳሹ መግባቱን ያቆማል። ጋዙ በቫልቩ ዙሪያ ወደ ውጭ ይረጫል፣ ባለቤቱም «ሞላ» ይላል። የገባው ጥቂት ጋዝ ነው፤ ከአፍንጫው (ነበልባሉ ከሚወጣበት ቀዳዳ) የሚወጣውም አየር የተቀላቀለበት ስለሆነ እሳቱ እየተቆራረጠ ይጠፋል። በዚያ ላይ ደጋግሞ መሙላት አየሩን ይበልጥ ከማመቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

መፍትሄው አየሩን ማስወጣት ነው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ በአቅራቢያ በሌለበት ይከናወን፤ የቡቴን ትነት ከአየር ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ሲሆንም ሊቀጣጠል ይችላል። ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ወደ መቀነስ ምልክት ከዞረ በኋላ፣ ላይተሩን ገልብጠው የመሙያ ቫልቩ ወደ ላይ እንዲያይ በማድረግ የቫልቩን መሐል በቀጭን ካቻቢቴ ተጭነው ይያዙ። ሳይገለብጡ የሚጫኑ ሰዎች አየሩን ትተው ፈሳሹን ያስወጣሉ፤ ፈሳሹም ጣት ላይ ሲያርፍ በቅጽበት ስለሚተን ቆዳን በብርድ ያቃጥላል። ድምፁ ሲቆም ሥራው አለቀ ብለው እንዳይታለሉ፤ የቀረው ፈሳሽ ሲተን ታንኩን ያቀዘቅዘዋል፣ የቀዘቀዘ ታንክ ደግሞ ግፊቱ ስለሚወርድ ባዶ ይመስላል። አምስት ደቂቃ ጠብቀው ደግመው ሲጫኑት እንደገና እስስ ማለቱ ብዙዎችን ያስገርማቸዋል።

ለአዲስ ላይተር እኔ አንድ እርምጃ እጨምራለሁ፤ ለሁለት ሰከንድ ያህል ጥቂት ጋዝ አስገብቼ መልሼ አስወጣዋለሁ፣ ማሰሮ እንደ ማለቅለቅ መሆኑ ነው። ከዚያም ላይተሩም ጣሳውም እንደ ተገለበጡ ቀጥ ብለው ይገጣጠሙና ለአራት ወይም ለአምስት ሰከንድ ተጭኖ ይለቀቅ፣ ይደገም። ላይተሩ ከጣሳው የቀዘቀዘ ከሆነ ጋዙ በደንብ ይገባል፤ ስለዚህ ባዶውን ላይተር ሌሊት መስኮት ላይ አሳድሮ ጠዋት መሙላት መልካም ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስገቡም አሉ፤ የሚያፈስ ላይተር ግን በምንም ምክንያት ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ። ጣሳውን ማሞቅ ደግሞ ከቶ የማይታሰብ ነው። ከተሞላ በኋላ በቫልቩ ዙሪያ የቀረው ጋዝ እስኪበተንና የገባው ፈሳሽ እስኪሞቅ ድረስ አሥር ደቂቃ ይጠበቅ።

አንድ የሆቴል ምግብ አብሳይ አምስት ቶርቾች በፌስታል ቋጥሮ አምጥቶልኝ ነበር፤ አምስቱም እንደማይሠሩና አዲስ ለማስገዛት የእኔን ቃል እንደሚፈልግ ነገረኝ። የአራቱን አየር አስወጥቼ ስሞላቸው ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ በሩ፤ በእውነት የሞተው የአንዱ ፒዬዞ (ሲጫኑት ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱን ይዞ ተመለሰ። ረዳቱ «ጊዜ የለኝም» ብሎ አየሩን ሳያስወጣ በላዩ ላይ ሲሞላ ከርሟል። ከሦስትና ከአራት ሙሌት በኋላ አየር እንደገና እንደሚጠራቀም፣ ስለዚህም ማስወጣቱ የዘወትር ሥራ እንደሆነ በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፈው ሰጠሁት።

ቆላ የሚበራው፣ ደጋ የማይበራው

አየሩ ከወጣ በኋላም የማይበራ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ከፍታው ነው። የቶርች ላይተር አፍንጫ ጋዙን በፍጥነት እየረጨ በግርጌው ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች አየር ይስባል፤ የአየሩና የጋዙ ምጣኔ የተቀመጠው ግን ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በታንኩ ውስጥ ያለው የቡቴን ግፊት ግን በሙቀት እንጂ በከፍታ አይወሰንም፤ እንዲያውም የውጪው ግፊት ሲቀንስ ጋዙ በይበልጥ ኃይል ይወጣል። ጋዙ በዝቶ አየሩ ባነሰበት ቅልቅል ላይ ብልጭታው ቢያርፍም እሳት አይያዝም። መደመር ምልክቱ ላይ የሚያዞር ሰው እንግዲህ በሽታውን እየቀለበው ነው።

ስለዚህ ማስተካከያው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ መቀነስ ይዞር፤ ከዚያ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እየከፈቱ ይሞክሩ። እሳቱ በያዘበት ቦታ ይቁም፤ ውስጣዊው ሰማያዊ ሾጣጣ ጥርት ብሎ ከታየ ከዚያ በላይ መክፈት አያስፈልግም። ነበልባሉ ያጠረ ቢመስልም ቢጫ ከሌለበት ሙቀቱ ለስኳርም ለሲጋርም ይበቃል።

በጅቡቲ መስመር የሚሠራ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የነገረኝን አልረሳውም። ላይተሩ ጅቡቲ ላይ አንዴ ሲጫኑት ይበራል፣ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት አዳማ ላይ ሲደርስ ያቅማማል፣ አዲስ አበባ ላይ ጭራሽ እምቢ ይላል። ሰውየው መንገጫገጩ አበላሸው ብሎ በፎጣ ጠቅልሎ ይይዘው ጀምሮ ነበር። ሌላው ደግሞ ከዱባይ የተላከለትን ባለ አራት አፍንጫ የጠረጴዛ ላይተር ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ ወንድሙ ሱቅ ውስጥ ሲበራ በቪዲዮ አሳይቶታል፣ አዲስ አበባ ደርሶ ግን አልበራም፤ ወንድማማቾቹ በዚሁ ተኮራርፈው ከርመዋል። ያስፈለገው አንድ ሙሉ ዙር ወደ መቀነስ ማዞር ብቻ ነበር። አፍንጫው በበዛ ቁጥር አየሩን የሚሻሙት ስለሚበዙ፣ ባለ አራት አፍንጫው ከባለ አንዱ ይልቅ በደጋ አገር ያስቸግራል።

ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይተፋል

ላይተሩ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ፈሳሽ ጋዝ በቀጥታ ወደ አፍንጫው ይደርስና ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል እየተረጨ ትልቅ ቢጫ ነበልባል ይሠራል። ክሬም ብሩሌ «ጋዝ ጋዝ ይላል» የሚባለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። መጀመሪያ ከምግቡ ራቅ አድርጎ መለኮስ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያም በመጠኑ ብቻ አዘንብሎ መጠቀም ነው። ሲጋርም ቢሆን ነበልባሉ ጫፉን ሳይነካ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሲጋሩን እያሽከረከሩ ማሞቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝን ነገር ልናገር። ቶርች ላይተር ከሰል ማያያዣ አይደለም። ለቡና ከሰል ሲያያዝ ላይተሩ ተዘቅዝቆ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ይያዛል፤ ከፍሙ የሚመለሰው ሙቀት አፍንጫውን ያግላል፣ በአፍንጫው ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ የከሰሉም ብናኝ የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ነበልባሉ ከ1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚደርስ፣ ለሲጋር የተሠራ ላይተር ከሠላሳ ሰከንድ በላይ በተከታታይ አይሥራ። የአየር ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ከሆነ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳሉ።

ከሙሌት ወደ ሙሌት እየደከመ ይሄዳል

ርካሽ ጋዝ ውስጥ ያለው ቅባት ፀጉር በማይገባበት አፍንጫ ውስጥ እየተጋገረ ይደፍነዋል። ጋዝ ሲገዙ ጣሳው ላይ የተጻፈውን «አምስት ጊዜ የተጣራ»፣ «አሥራ አንድ ጊዜ የተጣራ» የሚል ማስታወቂያ አይመኑ፤ ጥቂቱን ንጹሕ መስታወት ላይ ይርጩና እስኪተን ይጠብቁ። ቅባት ወይም ጭጋግ የሚመስል ነገር ከቀረ ያ ጋዝ ላይተርዎን ይገድለዋል። የተደፈነውን ለማጽዳት ለኮምፒውተር ማጽጃ የሚሸጠው የታመቀ አየር ከላይ በአጭር በአጭሩ ይነፋበት። መርፌ አይገባበት፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ መመለሻ የለውም። ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉም አጋጥመውኛል፤ የዚያ ኮምፕሬሰር አየር ውሃና ዘይት ስለሚይዝ የተደፈነውን ሌላ ነገር ይደፍንበታል።

ብልጭታ የለም

ጨለማ ክፍል ውስጥ ይጫኑና ብልጭታው የሚዘልበትን ቦታ ይመልከቱ። ወደ አፍንጫው መዝለል ሲገባው ወደ ጎን ብረቱ ከዘለለ፣ ቀጭኗ ሽቦ ተጣማለችና በስቴኪኒ ቀስ ብለው ይመልሷት። ጥላሸት ካለ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠረግና በደንብ ይድረቅ። ጭራሽ ካልታየ ፒዬዞው ይቀየራል፤ በካቻቢቴ በማይፈታ ላይተር ላይ ግን ይህ ማለት ላይተሩ ሞቷል ማለት ነው።

ሳይጫኑት ጋዝ ይሸታል

የሳሙና አረፋ ቫልቩ ላይ ይቀባ፤ አረፋው ከተነፋ ጎሚኒው አልቋል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ሁለት ሦስት ጊዜ በካቻቢቴ ጠቅ አድርጎ መልቀቅ አንዳንዴ ያስተካክለዋል፤ ካልተስተካከለ ባዶ አድርገው ይጣሉት፣ በማስቲሽ አይድፈኑት። በክር የሚነደውን የዊክ ላይተር ቤንዚን የሞላበት ሰው አጋጥሞኛል፤ ጎሚኒዎቹ አብጠው ቫልቩ አልዘጋም አለ። ከዚህ የባሰው ግን ከማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር በቱቦ ለመሙላት የሚሞክረው ነው። የማብሰያ ጋዝ ፕሮፔን ይቀላቀልበታል፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የቡቴን ፍጹም ግፊት 2 ባር ያህል ሲሆን የፕሮፔን ከ8 ባር ይበልጣል። ለቡቴን የተሠራ ታንክ ውስጥ ይህን ያህል ግፊት ማስገባት አደገኛ ነው። ይህን አያድርጉ፣ ሲደረግም አጠገቡ አይቁሙ። ላይተሩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደኅንነት ደንብ ቶርች ላይተርም የቡቴን ጣሳም በእጅ ሻንጣ ሆነ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድምና፣ ከዚያ ለሚመጣ ዘመድ «አምጣልኝ» አይበሉት።

ማለዳ ላይ ነበልባሉ አጥሮ ከሰዓት ከተስተካከለ ብርድ ነው፤ በእጅ ወይም በኪስ ይሙቅ፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። መጫኛው ተጭኖ ካልተመለሰ ውስጡ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ተሰብሯል። ማስተካከያው ያለ ገደብ የሚዞር ከሆነ ጥርሱ አልቋል።

ሲገዙ

ከላይ ካሉት ችግሮች ተነስቼ የምመርጠው ላይተር ማስተካከያው ትልቅ፣ ገደቡ በግልጽ የሚታወቅና ያለ መሣሪያ የሚዞር፤ የጋዝ መስኮት ያለው፤ ቫልቩ ነሐስ የሆነ፤ መቀመጫው ሰፊና ከባድ፤ የአፍንጫው ዙሪያ ከፕላስቲክ ሳይሆን ከብረት የተሠራ ነው። ለሲጋርም ለወጥ ቤትም አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ባለ አንድ ሰፊ አፍንጫውን ይውሰድ፤ ባለ ሦስትና ባለ አራት አፍንጫው ለእይታ ያምራል፣ ጋዝ ግን ይጨርሳል። ጣት ከመጫኛው ቢነሳም መንደዱን እንዲቀጥል የሚያደርግ መቆለፊያ ለወጥ ቤት ይመቻል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ግን እኔ አልገዛውም። ሻጩ መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ አየሩን አስወጥቶ ጋዝ ይሙላ፣ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ወደ መቀነስ ያዙር፣ አሥር ደቂቃም ይጠበቅ። ከዚያ በሩብ ዙር እየከፈተ እዚያው ፊትዎ አሥር ጊዜ ይለኩሰው፤ ከአሥሩ ሁለቴ ከሳተ ገንዘብዎን አያውጡ።