ከስትሮክ በኋላ ቤት ውስጥ የዕለት ኑሮን እንደገና እንዴት መጀመር ይቻላል

ከሆስፒታል መውጫው ቀን ሲቃረብ ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ አልጋና ስለ ዊልቸር ነው። ዋናው ፈተና ግን በማግስቱ ጠዋት ይመጣል፤ የታማሚውን ሸሚዝ ማን ያልብሰው? አስታማሚዎች በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ እንዲያልቅ ብለን እኛው እናለብሰዋለን። አንጎል ግን የጠፋበትን እንቅስቃሴ የሚማረው ባለቤቱ ራሱ ሲደጋግመው ነው። ፈጣኑ ለውጥ በአብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ስለሆነ ያች ሸሚዝ ራሷ ፊዚዮቴራፒ ናት። (ከዚያ በኋላም መሻሻል አለ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ።)

1. ሆስፒታል ሳላችሁ

የመድኃኒቱን ዝርዝር፣ የክትትል ቀጠሮውንና ምን ዓይነት ምግብ መዋጥ እንደሚችል በጽሑፍ ተቀበሉ። ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወሩን ባለሙያው እያያችሁ እናንተው አንድ ጊዜ ሞክሩት።

2. ቤቱን አዘጋጁ

የሚንሸራተት ምንጣፍና መተላለፊያ ላይ የተዘረጋ ገመድ አንሱ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ሌሊት መብራት ይኑር። መታጠቢያው ውስጥ የማይንሸራተት ወንበርና ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ ያስፈልጋል፤ የፎጣ መስቀያ የሰው ክብደት አይችልም።

3. መነሳትና መራመድ

ወንበሩን በደህናው (ስትሮኩ ባላደከመው) ጎኑ በኩል አስጠጉ። ታማሚው ወደ መቀመጫው ጫፍ ይምጣ፣ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ያስረግጥ፣ ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይነሳ። አልታዘዝ ያለውን እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ፤ በብብቱም አታንሱት። ትከሻውን አጥብቀው የሚይዙት ጡንቻዎች ስለደከሙ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይጎዳል፣ ሕመሙም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሲቀመጥ ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፉለት።

ከዘራ የሚያዘው በደህናው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ ደካማው።

4. ልብስ

ሲለበስ ደካማው ጎን ይቀድማል፣ ሲወልቅ ደህናው። ሰፋ ያለና ከፊት የሚከፈት ልብስ ይመረጣል። አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ግን ሰብስቡ። ያቃተውን አንድ ቁልፍ ብቻ ቆልፉለት።

5. ምግብና መጠጥ

ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትንሽ ትንሽ እየጎረሰ ይብላ፤ ከበላም በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል አይጋደም። ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራሙ ይልቅ በቀላሉ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ድምፁ ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ አቁሙና ለሐኪም ንገሩ። የሳህኑ ግራ ግማሽ ሳይነካ ከቀረ ጠግቦ ላይሆን ይችላል፤ አንጎሉ ያን ጎን ልብ ሳይለው ቀርቶ ይሆናል። ሳህኑን አዙሩለት።

6. ንግግርና ስሜት

ቃል የጠፋበት ሰው ሐሳብ አልጠፋበትም። እንደ ሕፃን አታናግሩት፤ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚመልሰውን ጥያቄ አቅርቡና ጠብቁ። ቴሌቪዥኑን መዝጋትም ይረዳል።

ድካሙ ስንፍና አይደለም። ከባዱን ሥራ ጠዋት አድርጉት፣ በመሃል እረፍት ይኑር። ያለ ምክንያት ማልቀስ ወይም መሳቅ ከጉዳቱ ሊመጣ ይችላል። ድብርትም ከስትሮክ በኋላ በብዛት ይታያል፣ ሕክምናም አለው።

7. ዳግም እንዳይመታ

የደም ግፊት ሕመም ሳያሰማ ይጎዳል፤ እየለካችሁ መዝግቡ፣ ግቡንም ከሐኪም ጋር ወስኑ። «ተሽሎኛል» ብሎ የደም ማቅጠኛውን በራሱ እንዳያቋርጥ።

ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተንተባተበ ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ። አስፕሪን አትስጡት፤ ስትሮኩ አንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ የመጣ ከሆነ ያባብሰዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።