ፖሊመር ላይ ፒኤችዲ መስራት ለምትፈልጉ፦ ከየት ይጀመራል?

ሰሞኑን ኬሚካል፣ ቴክስታይልና መካኒካል የጨረሱ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግመው ስለጠየቁኝ አንድ ላይ ልፃፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ግን የምታስቡበት ሰዎች እስከመጨረሻው አንብቡት። እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ፖሊመር ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ ላይ አራተኛ አመቴን ይዣለሁ። ፖሊመር ማለት ፕላስቲክ፣ ጎማና ቃጫ የመሳሰሉት የተሰሩበት እንደ ሰንሰለት የረዘመ ሞለኪውል ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?" ብሎ ነው። ከዛ አትጀምሩ። ፒኤችዲ ማለት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ከአንድ አድቫይዘር ጋር አምስት አመት ገደማ መቆየት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዛ አድቫይዘሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም መጨረሻ ላይ ነው። ስም ብቻ አይተው ገብተው ከአድቫይዘራቸው ጋር ሳይግባቡ ሁለተኛ አመት ላይ ማስተርስ ይዘው የወጡ ልጆች አውቃለሁ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ያሳዝናል።

ጥያቄው ከየት ይመጣል ካላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ በደንብ እዩት። ሃይላንዱ ፔት (PET) የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ ደግሞ ፖሊኢትሊን ወይ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ሁለቱንም ቆራርጣችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ፔቱ ይሰምጣል ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ምክንያቱም የውሃ እፍጋት 1 ሲሆን የፔት 1.38 አካባቢ ነው፣ የክዳኑ ደግሞ ከ1 በታች ነው፣ ቆራሌው የሰበሰበውን የሚገዙ ሪሳይክል የሚያደርጉ ፋብሪካዎችም የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። አሁን ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ ጨምሩበት፣ ወዲያው ጭምድድ ብሎ ይኮማተራል፣ ጀሪካን ላይ ግን እንደዛ አይሆንም። ለምን? ጠርሙሱ ሲሰራ እየተለጠጠ በአየር ተነፍቶ ነው ቅርፁን የያዘው፣ ሰንሰለቶቹ (ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች ማለቴ ነው) እንደተወጠሩ ቀዝቅዘው ቀርተዋል፣ ሙቀቱ 75 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ መንቀሳቀስ ይችሉና ይሰበሰባሉ። ይቺ ሙቀት ግላስ ትራንዚሽን ትባላለች። ማስቲካ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጡበት አፋችሁ ውስጥ ድርቅ የሚለው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ኢንተርቪው ላይ ግላስ ትራንዚሽን ምንድነው ተብላችሁ የሸመደዳችሁትን ትርጉም ከምትደግሙ ይሄንን ሃይላንድ ብታስረዱ ሰውየው ነገሩ እንደገባችሁ በሁለት ደቂቃ ያውቃል።

ጣራ ላይ ያለው ሮቶም እንደዛው ነው። የፖሊኢትሊን ዱቄት ሻጋታ ውስጥ ተጨምሮ ሻጋታው እየተሽከረከረ ይጋገራል፣ ዱቄቱ እየቀለጠ ግድግዳው ላይ እየተጋገረ ታንከር ይሆናል። ታዲያ አመታት ፀሃይ ላይ ሲቆይ ለምን ይሰነጠቃል፣ ጥቁሩ ለምን የበለጠ ይችላል፣ አሮጌውን ፈጭተን ከአዲሱ ጋር ብንቀላቅለው ስንት ፐርሰንት ድረስ ይሸከማል? እነዚህ እውነተኛ የፒኤችዲ ጥያቄዎች ናቸው።

ከዛ በየትኛው በኩል እንደምትገቡ ወስኑ፣ ፖሊመር አንድ ነገር አይደለም። አዲስ ሞለኪውል መስራት የሚወዱ ሲንተሲስ ነው፣ ኬሚስትሪ የጨረሳችሁ ብዙዎቻችሁ እዚህ ናችሁ። ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት ክሪስታል እንደሚሰራ፣ ሲቀልጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚያጠናው የፊዚክሱ ወገን ነው፣ ሂሳብ ይበዛዋል። ሶስተኛው ፕሮሰሲንግ ነው፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ ቅርፅ ማስያዝ ማለት ነው፦ ኤክስትሩደር (አቅልጦ በስክሩ እየገፋ የሚያወጣ ማሽን)፣ ኢንጀክሽን ሞልዲንግ (የቀለጠውን በግፊት ሻጋታ ውስጥ ማስገባት)፣ ፊልም መንፋት፣ ማሽን የሚወዱ ሰዎች ቦታ ነው። ይሄንን ስታውቁ ዩኒቨርሲቲውም ራሱ ይለያል፦ ለምሳሌ ዩማስ (የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ) ሎዌል ከ1954 ጀምሮ ፕላስቲክስ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ስለሆነ ፕሮሰሲንግ ላይ ጠንካራ ነው፣ ዩማስ አምኸርስት ግን ወደ ሳይንሱ ያደላል፣ አክሮን ኦሃዮ ደግሞ የነጉድይር የጎማ ከተማ ስለሆነች ጎማና ላስቲክ ነገር ላይ ስሟ የቆየ ነው። ጀርመን ከሆነ አኽን ያለው አይካቪ (IKV፣ የፕላስቲክ ፕሮሰሲንግ ኢንስቲትዩት) ለፕሮሰሲንግ፣ ማይንዝ ያለው ማክስ ፕላንክና ድሬስደን ያለው የላይብኒዝ ኢንስቲትዩት ለሳይንሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልፅ ልናገር። ከኛ ሀገር የሚላኩ ፕሮፖዛሎች ውስጥ ብዙዎቹ "የእንሰት ቃጫ ከሬዚን ጋር ቀላቅዬ ጥንካሬውን እለካለሁ" አይነት ናቸው (ሬዚን ጥሬው ፕላስቲክ ነው)። ቃጫውን መምረጣችሁ ጥሩ ነው፣ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው፣ ሌላ ሰው የሌለው እውቀት አላችሁ። ግን ቀላቅሎ መለካት ብቻውን ለፒኤችዲ አይበቃም። ጥያቄው እዛ ጋር ነው ያለው፦ ቃጫው ሴሉሎስ ስለሆነ ውሃ ይወዳል፣ ሬዚኑ ለምሳሌ ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ውሃ አይወድም፣ ስለዚህ ሁለቱ አይጣበቁም፣ ስትጎትቱት ቃጫው ሳይበጠስ ሹልክ ብሎ ይወጣል። በኮስቲክ ሶዳ ስናጥበው ምኑ ነው የሚቀየረው፣ እርጥበት ሲገባበትስ መሃል ላይ ያለው ድንበር ምን ይሆናል ብላችሁ ከጠየቃችሁ ያው ቃጫ ሌላ ስራ ይሆናል።

ስለ ገንዘብ፦ በዚህ ዘርፍ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ፒኤችዲ አትማሩ። አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ፕሮግራም ከሆነ ቱሽኑ ይሸፈናል፣ ሪሰርች ወይም ቲቺንግ አሲስታንት ሆናችሁ በየወሩ ይከፈላችኋል። ያለ ፈንድ ተቀብለንሃል የሚል ደብዳቤ ከመጣ በትህትና እለፉት። ብዙ ልጆች የማያውቁት ደግሞ አሜሪካ ማስተርስ ሳይኖራችሁ በዲግሪ ብቻ ለፒኤችዲ አፕላይ ማድረግ ይቻላል። ጀርመን ግን ባብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል፣ ቦታው እንደ ስራ ማስታወቂያ ይወጣል ደሞዝም አለው፣ ከዛ ውጪ ዳድ (DAAD) የሚባለው የጀርመን ስኮላርሺፕ ሰጪ ድርጅት አለ። ኮሪያና ታይዋንም የመንግስት ስኮላርሺፕ አላቸው።

አድቫይዘር ፍለጋ ላይ ጊዜ ስጡ። የላቦራቶሪውን ዌብሳይት ክፈቱና ተማሪዎቹ በስንት አመት እንደጨረሱና ከዛ የት እንደሄዱ እዩ፣ የመጨረሻ ሶስት ፔፐሮቹን አንብቡ፣ ከዛ አንድ ተማሪውን አግኝታችሁ "ኤክስፐርመንት ሲበላሽ ምን ይላችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ኢሜይሉን ነሃሴና መስከረም ላይ ላኩ፣ ግማሽ ገፅ አይለፍ። "የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ስራዎን በጣም አደንቃለሁ" ብሎ የሚጀምረውን በቀን ስንት እንደሚደርሳቸው አስቡት። ሃሳቡ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ "ሪሳይክል የተደረገ ፔት ላይ የሰራችሁትን አነበብኩ። እኔ የመመረቂያ ስራዬን የተጣለ ጠርሙስ ላይ ነው የሰራሁት፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲቀልጥ ጥንካሬው በጣም ወረደብኝ። እናንተ ሰንሰለቱን መልሶ ለማስረዘም የተጠቀማችሁት ዘዴ ቆሻሻ ባለበት ጠርሙስ ላይ ይሰራል ወይ? በሚቀጥለው አመት ተማሪ የምትቀበሉ ከሆነ ሲቪዬን አያይዣለሁ።" በቃ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱና ወደሚቀጥለው እለፉ፣ መልስ አለመስጠት እናንተን መናቅ አይደለም።

የማመልከቻው ጣጣ፦ የአሜሪካዎቹ ዴድላይን ብዙውን ጊዜ ከህዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ነው። ጂአርኢ (የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው) ብዙ ቦታ ቀርቷል፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ቶፍል ወይ አይልትስ ግን አለ፣ አንዳንዱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የተማረው የሚል ደብዳቤ ይቀበላል ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የማመልከቻ ክፍያውም ለኛ ብር ነው፣ ይነሳልኝ ብላችሁ ኢሜይል ፃፉ፣ ብዙ ጊዜ ያነሱላችኋል። ሪኮመንዴሽን የሚፅፉላችሁን መምህራን ቀድማችሁ አናግሩና ከእነሱ ጋር ምን እንደሰራችሁ አንድ ገፅ ፅፋችሁ ስጧቸው፣ ደብዳቤውን ራሳቸው ናቸው የሚጭኑት፣ በመጨረሻው ቀን ኔትወርክ ቢጠፋ ተጠያቂ የለም። ስማችሁን ደግሞ አደራ! ፓስፖርት ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አፃፃፍ፣ ትራንስክሪፕቱና የፈተናው ውጤት አንድ መሆን አለበት፣ የአያት ስም አንዱ ጋር ኖሮ ሌላው ጋር ከሌለ ብዙ ወር ያንከራትታል። የአሜሪካ ኦፈር ከመጣላችሁ እስከ ኤፕሪል 15 (ሚያዝያ 7) ጊዜ የሚሰጡት ብዙዎቹ ናቸው፣ ተረጋግታችሁ አወዳድሩ።

ከደረሳችሁ በኋላ ያለውን በራሴ ላይ በደረሰው ልንገራችሁ። የመጀመሪያ አመት ላይ ፔት በኤክስትሩደር ሳወጣ እንደ ማር ቀጥኖ ይፈስ ነበር፣ ወፍራም ሆኖ መውጣት ሲገባው ማለት ነው፣ የቀዘቀዘውን ናሙና በእጄ ሳጥፈው ደግሞ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሶስት ሳምንት ሙሉ ስክሩውን፣ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱን ስቀያይር ከረምኩ። ለአድቫይዘሬ ሳሳየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ "ስንት ሰዓት አደረቅከው?" አንድ ሰዓት ነበር ያደረቅኩት። ፔት ከመቅለጡ በፊት 160 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት መድረቅ አለበት፣ ውስጡ የሚቀረው ውሃ ከ0.005 ፐርሰንት በታች እስኪሆን፣ አለበለዚያ በዛ ሙቀት ውሃው ራሱ ሰንሰለቱን እየቆረጠ ያሳጥረዋል። የሶስት ሳምንቱ ዳታ በሙሉ ተጣለ፣ በጣም ነበር ያዘንኩት፣ አልቅሻለሁ።

ከዛ ወዲህ ደብተሬ ላይ ከምንም በፊት ሶስት ነገር እፅፋለሁ፦ የሬዚኑ ሎት ቁጥር (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው)፣ የደረቀበት ሙቀትና ሰዓት፣ ከማድረቂያው ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ክፍት እንደቆየ። እናንተም ገና ሀገር ቤት ላብ ውስጥ ሆናችሁ፣ የመመረቂያ ስራችሁ ላይ ጀምሩት።