አይረን እየወሰዳችሁ ሆዳችሁ ለደረቀ

ለደም ማነስም ሆነ ለእርግዝና የታዘዘላችሁን የአይረን ክኒን በቡና ወይም በሻይ ሰዓት አትውሰዱ። በውስጣቸው ያሉ ንጥረ ነገሮች አይረኑን ይይዙታል፤ ወደ ደም መግባቱ ይቀርና ቁልቁል ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ደግሞ ባክቴሪያዎች አሉ። ብዙዎቹ ጎጂ ዝርያዎች ለመራባት አይረን ይሻሉ፤ እርጎ ውስጥ የምናገኛቸው እንደ ላክቶባሲለስ ያሉት ጠቃሚዎቹ ግን እምብዛም አያስፈልጋቸውም። የተረፈው አይረን ማንን እንደሚቀልብ እናንተው ገምቱ፤ ለሆድ ድርቀቱም አንዱ ሰበብ ይኸው ሳይመጠጥ የቀረ አይረን ሊሆን ይችላል።

ክኒኑን በብርቱካን ጭማቂ ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ዋጡት፤ ቫይታሚን ሲ አይረኑ በደንብ እንዲመጠጥ ያግዘዋል። ቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ (ከአቦል እስከ በረካ ለምትቀመጡ ይከብዳል፣ አውቃለሁ)። ወተትና የካልሲየም ክኒንም ለሌላ ሰዓት ይሁኑ።

ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ድርቀቱ ካልለቀቃችሁ ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ። አንድ ቀን እየዘለላችሁ መውሰድ ትችሉ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እንዲያ ሲወሰድ ከእያንዳንዱ ክኒን የሚመጠጠው መጠን እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል።