አሳው እየበላ ከከሳ ምግቡን እዩት

የአኳሪየም አሳ ሲደክምብን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ውሃውን ነው። ልክ ነው፣ ውሃ ይቀድማል። ግን ውሃው ደህና ሆኖ አሳው ካላማረበት የምግቡን ዕቃ ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ።

ይበላል፣ ግን አያድግም

ከላይ ሆናችሁ እዩት። ጭንቅላቱ ገዝፎ ጀርባው ከሰለለ፣ ሆዱም ወደ ውስጥ ከገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን አንሶታል። ጎልድፊሾቼ እንዲህ ሲሆኑብኝ የራባቸው መስሎኝ ለወራት መጠኑን ስጨምር ከረምኩ። ምግቡ በላስቲክ የታሰረ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው ነበር። አንድ ቀን ቆንጠር አድርጌ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ትንሽ ቆይቶ አበጠና እንደ ገንፎ ተበታተነ፣ ሳሸተው ደግሞ አሳ አሳ ማለት ሲገባው የፉርኖ ዱቄት ነው የሚሸተው። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም እንስሳቱ የሰጠኋቸውን ሁሉ እየበሉ ነበር።

ስለዚህ ጽሑፍ የሌለው ምግብ አትግዙ። ዕቃው ላይ ግብዓቶች የሚጻፉት በክብደት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ላይ የአሳ ዱቄት፣ ሽሪምፕ፣ ክሪል (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ) ወይም የነፍሳት እጭ መምጣት አለበት። ስንዴ ቀድሞ ከመጣ ተዉት። ፕሮቲኑ ለጎልድፊሽ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይበቃል፣ ቤታ የሚባለውን ለመሰለ ሥጋ በል አሳ ግን ከ40 በላይ ይሁን። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ቁጥሩ የሚሰላው በምግቡ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ስለሆነ ፕሮቲኑ ከአሳ ይምጣ ከአኩሪ አተር አይነግራችሁም፣ ሥጋ በል አሳ ደግሞ ከእህል የመጣውን በደንብ አይጠቀምበትም።

ጥሩ የታሸገ ምግብ ካጣችሁ ቆሮሶ (ቲላፒያ አሳ) አለላችሁ። የዝዋይም ይሁን የአርባ ምንጭ፣ በጾም ጊዜ በየቦታው ይገኛል። ያለ ዘይት፣ ያለ ጨው ቀቅሉት፣ እሾሁን አውጡ፣ የአሳውን ዓይን በሚያህል መጠን ክተፉት። በሳምንት ሁለቴ በቂ ነው፤ ዋናው ምግብ ግን አይሁን፣ ቫይታሚኑ አይሟላም። የበሬ ሥጋ የምትሰጡ ካላችሁ ይቅርባችሁ። የከብት ስብ አሳ በሚኖርበት ሙቀት ይረጋል፣ ለጉበቱም ጥሩ አይደለም።

ጥሩ ምግብ እየበላ አሁንም ከሳ፣ ኩሱም ነጭ ክር መሰለ? ያ የሆድ ትል ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት እንጂ ምግብ አያድነውም።

ምግቡን ቀየርኩ፣ ውሃው ሸተተ

ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ሲተርፍ ወደ አሞኒያ ይቀየራል፣ አሞኒያ ደግሞ አሳ ይገድላል። በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ፣ የተረፈውን አውጡ። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ ስለዚህ አንዴ ብዙ ከመስጠት ጥቂት ጥቂት እየከፋፈሉ መስጠት ይሻላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ማሞቂያ የሌለው አኳሪየም ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምግብ መፍጨቱ ይዘገያል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የመመገብ ልማድ ካላችሁ ወደ ቀን አዙሩት።

ሆዱ ተነፍቶ ይገለበጣል

ጎልድፊሽ ላይ ይበዛል። ደረቅ ምግብ ሲጎርስ አየርም አብሮ ይውጣል። አንድ ቀን አስጹሙት፣ በማግስቱ የተቀቀለ አተር ልጣጩን አንስታችሁ ፍርክስክስ አድርጋችሁ ስጡት። ከዚያ በኋላ እንክብሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ መስጠት ነው። ቅርፊቱ ከቆመ ግን ነገሩ ከምግብ ያለፈ ሕመም ነው፣ አሳውን ለይታችሁ አስቀምጡት። ምቡና የሚባሉት የማላዊ ሐይቅ አሳዎች ያሏችሁ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ፣ እነሱ አልጌ በል ናቸው፣ የሥጋ ምግብ ሲበዛባቸው ሆዳቸው ይነፋል።

ቀለሙ ደበዘዘ

ቀይና ብርቱካናማውን ቀለም አሳው ራሱ አይሠራውም፣ ከሚበላው ነው የሚያገኘው። ሽሪምፕ ወይም ስፓይሩሊና የሚባለው ደቃቅ አልጌ ያለበት ምግብ ፈልጉ። ስፓይሩሊና እኛም አገር በጭቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አካባቢ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ በተፈጥሮ ይበቅላል፣ ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው። በቀጥታ ከሐይቁ ቀድታችሁ ግን አትስጡ። ሌላው ምክንያት የምግቡ መቆየት ነው። ተከፍቶ የቆየ ምግብ ቫይታሚን ሲው ይጠፋል። ትልቁ ዕቃ በዋጋ ቢያባብላችሁም በሦስት ወር የምትጨርሱትን ግዙ፣ ክዳኑንም ግጥም አድርጉ።

ጫጩቶቹ በሳምንት አለቁ

የትልልቆቹ ምግብ አፋቸው ውስጥ አይገባም። ምርጡ አርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ነው፤ እንቁላሉን ሞቅ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አየር እየነፋችሁ ብታቆዩት ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይፈለፈላል፣ ከጨዉ አጣርታችሁ ሕያው እያለ ትሰጣላችሁ። እሱ ከሌለ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በንጹህ ጨርቅ ቋጥራችሁ ውሃ ውስጥ ጨመቅ አድርጉ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብቻ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፤ አስኳል ውሃ ቶሎ ስለሚያበላሽ በዚያው ቀን ከታች ያለውን ዝቃጭ በቀጭን ቱቦ ሳቡት።